ምልክት የሌለው ቀዳዳ

«ዘጠኝ፣ ዘጠኝ…» አለች እሾህ፤ ሦስተኛዋን ቀስት ስታይ ግን ቆጠራዋን አቋረጠች። ቀስቷ ከቢጫውም ከቀዩም ርቃ፣ ሰማያዊው ክብ ላይ፣ ወደ ታች ወደ ግራ ተሰክታለች።

«ስድስት» አለች ጨዋዋ በለሆሳስ። የነጥቡን ወረቀት የያዘችው እሷ ነበረች።

«እኔ አፍ የለኝም? የራሴን ቀስት ራሴ እጠራለሁ። ስድስት! ጻፊ!»

ጨዋዋ ጻፈች። እሾህ ስድስት የመታችውን ቀስት መንጭቃ ነቀለችና ወገቧ ላይ ያለው ኮሮጆ ውስጥ ወረወረቻት። ደንቡ እንዲህ አልነበረም። ቀስት ከመነቀሏ በፊት የበሳችው ቀዳዳ አጠገብ በእስክሪብቶ ትንሽ ሰረዝ ይደረጋል፤ የሚያደርገውም ባለቀስቱ ራሱ ነው። አዲሱ ቀዳዳ ከአሮጌው የሚለየው በዚያች ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ልጆች ገና ደጋን አያያዝ ሳይማሩ ይህን ይማራሉ። እሾህም ሁለቱን ዘጠኞች በደንቡ መሠረት ምልክት አድርጋባቸዋለች። ስድስቱን ግን ዳግመኛ ማየትም አስጠላት።

«ቆይ እንጂ፣ ቀዳዳው ላይ…»

«አታናግሪኝ አልኩሽ እኮ! አንቺ ነጥብሽን ጻፊ፣ ሌላ ሌላውን ተዪው።»

ጀርባዋን ሰጥታት ወደ መወርወሪያው መስመር ተመለሰች። ስድሳ ሜትሩን ስትሄድ ሣሩን እየረገጠች ሳይሆን እየደበደበች ነበር።

እሾህ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ያወጡላት አሰልጣኙ ናቸው። ክለቡ በገባችበት ሳምንት አንድ ጎረምሳ በአቋቋሟ ሲስቅባት፣ ለወር የሚበቃውን መልስ ስታሸክመው ሰምተው «ይቺስ እሾህ ናት፤ የነካት ይደማል» አሉ። ስሙ በዚያው ተጣበቀ። እሷም አልጠላችውም ነበር፤ እስካለፈው ወር ድረስ። ባለፈው ወር ግን፣ አንድ ነገር ሲሰበር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቶሎ ቱግ ወደሚለው ልጅ እንደሆነ ተማረች።

ጨዋዋም እንዲሁ ቅጽል ስሟ ነው። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ከመቀመጫዋ የምትነሣ፣ «እሺ» ማለት የማይሰለቻት ልጅ ናት። ወላጆች ሁሉ ለልጆቻቸው «እስቲ እንደ ጨዋዋ ሁኑ» ይላሉ። እሾህ ራሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሷ በቀር ጓደኛ አልነበራትም። ዛሬ ደግሞ፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል፣ ዕጣው ሁለቱን አንድ ኢላማ ላይ ጣላቸው። በሬ ካራጁ ይውላል ይሏል እንዲህ ነው።

ነገሩ የሆነው እንደሚከተለው ነው። ክለቡ አንድ ጥሩ ደጋን አለው፤ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቀለበሱ፣ ሪከርቭ የሚሉት ዓይነት፣ ሲሳብ የማያቃስት፣ ሲለቀቅ እጅ የማያንቀጠቅጥ። ሁለቱ ልጆች በየተራ ይወረውሩበት ነበር። በቀስት ውርወራ ከሕጎች ሁሉ የሚቀድም አንድ ሕግ አለ፤ ቀስት ሳይኖር አውታሩን ስቦ መልቀቅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ቀስቷ ይዛው መሄድ የነበረባት ጉልበት መሄጃ ሲያጣ ወደ ደጋኑ ይመለስና ክንፉን ይሰነጥቀዋል።

የዚያን ቀን እሾህ ስትስት ነበር የዋለችው። ደጋኑን ማስቀመጫው ላይ አቁማ፣ እየተነጫነጨች፣ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። ውሃው ፊቷን ሳይነካው «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ሮጣ ስትመለስ የደጋኑ የላይኛው ክንፍ ተሰንጥቋል፤ አጠገቡ ጨዋዋ ፊቷ አመድ መስሎ ቆማለች።

«ለመለማመድ ብቻ ብዬ ስቤው ነበር… አውታሩ ከጣቴ አመለጠኝ። በናትሽ ለማንም እንዳትነግሪ! አንድ ስሞታ ብሰማ ክለቡን ትተያለሽ ብሎኛል አባዬ። ያስወጣኛል!»

«አልናገርም» አለች እሾህ። ከልቧ ነበር።

አሰልጣኙ እየሮጡ ሲደርሱ እሾህ አፏን ዘግታ የቆመችው ቃል ስለገባች ነው። አፏን የከፈተችው ጨዋዋ ናት።

«ስትስት ተናዳ ነበር ጋሼ… ተናዳ ባዶውን ለቀቀችው።»

እሾህ መጀመሪያ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ከዚያ ጮኸች። በጮኸች ቁጥር ደግሞ ይባስ ተናዳ ባዶ አውታር የምትለቅ ልጅ እየመሰለች ሄደች። «እኔ አይደለሁም! እሷ ናት!» ብትል ማን ሊሰማት? ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ሰምተዋታል፤ ጨዋዋን ደግሞ ስትዋሽ የሰማ የለም። ባልበላችው ዕዳ ሁለት ሳምንት ታገደች።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የእናቷን ነገር ነው። እናቷ ቤት ውስጥ የሶፋ ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፤ የልጇን የደረት መከላከያ እንኳ ከሶፋ ትርፍራፊ ቆዳ የሰፋችላት እሷው ናት። በጥድፊያ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ፣ ልብሷ ላይ የተጣበቀውን ክር ሳታራግፍ፣ አሰልጣኙ ቢሮ ድረስ መጣች። «ልጄ ንዴቷን አትችልም እንጂ ክፉ አይደለችም። ስለሷ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። እሾህ አጠገቧ ቆማ የእናቷ አንገት ሲደፋ አየች።

«እኔ አይደለሁም እኮ እማ» አለቻት አውቶቡስ ውስጥ።

እናቷ እጇን መታ መታ አደረገቻት። «እሺ ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» «እሺ» ያለችው ግን አምናት ሳይሆን ደክሟት ነበር፤ እሾህ የእናቷን «እሺ» ዓይነቶች ሁሉ ታውቃለች።

እያደር! ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ነጋ? የደጋኑ ክንፍ በአዲስ ተተክቷል፤ ደጋኑ ግን ለጨዋዋ ብቻ ሆኗል። ለእሾህ የተሰጣት ከዕቃ ክፍል የወጣ አሮጌ ደጋን ነው፤ ሲሳብ እንደ ጉልበት ሕመምተኛ ሽማግሌ ያቃስታል። ዛሬ በዚህ ደጋን ነው የምትወዳደረው። የዛሬው ውድድር ደግሞ እንደሌላው ጊዜ አይደለም። ከሴቶቹ አንደኛ የወጣችው ወደ ታዳጊዎች ማሠልጠኛው ትገባለች፤ እዚያ ትኖራለች፣ እዚያ ትማራለች፣ ቀን በቀን ትወረውራለች፤ ከዚያ መንገዱ ወደ ብሔራዊ ቡድን ነው። ቀስት ጨዋታዋ መሆኑ ቀርቶ ሥራዋ ይሆናል ማለት ነው። እሾህ በሕይወቷ ሌላ የምትፈልገው ሥራ የለም። ያለው ቦታ ደግሞ አንድ ነው።

ፊሽካው ተነፋ። እሾህ መስመሩ ላይ ቆማ ደጋኑን አነሣች፤ አውታሩን እስከ አገጯ ሳበች። ደጋኑ አቃሰተ። አውታሩ በልኩ ሲሳብ፣ ክሊከር የሚሏት ቀጭን ብረት ከቀስቷ ጫፍ ሸርተት ትልና «ቀጭ» ትላለች፤ የሚለቀቀው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት የለቀቀ ቸኮለ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የዘገየ ፈራ ይባላል። እሾህ ስትናደድ ግን ቀኝ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣና «ቀጭ» ሳይል እጇ ያመልጣታል። አሰልጣኙ ሁልጊዜ «ንዴት የሚቀመጠው ትከሻ ላይ ነው፤ አውርጂው እንጂ ለቀስቷ አታሸክሚያት» ይሏት ነበር። ትክክል ናቸው። ትክክል መሆናቸው ራሱ አናደዳት።

ትከሻዋን አወረደች። ቀጭ። ዐሥር።

ቀጭ። ዐሥር።

ንዴቷ አልበረደም። ከትከሻዋ ወርዶ እግሯ ሥር ተቀመጠ እንጂ የትም አልሄደም፤ እሷም ላዩ ላይ ቆማ ወረወረች። ዙር ባለፈ ቁጥር ሌሎቹ ልጆች ወደ ኋላ እየቀሩ ሄዱ። በስድስቱ የተነሣ የቀደመቻትን ጨዋዋንም ቀስ በቀስ ደረሰችባት። የመጨረሻው ዙር ሲቀር ሁለቱ እኩል ለእኩል ሆኑ። አጭር ዕረፍት ተሰጠ።

ጨዋዋ የውሃ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ውሃ ልስጥሽ?»

«ለአባትሽ ውሰጂላቸው። ከጠዋት ጀምሮ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሳይደክማቸው አይቀርም።»

የጨዋዋ አባት እውነትም አጥሩ ጋ እጃቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። ጨዋዋ ወደዚያ ሳትዞር «ለጋሼ ልነግራቸው ነበር እኮ» አለች። «እውነቴን ነው። ከዛሬ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ከዛሬ በኋላ? ቦታውን ከያዝሽ በኋላ ማለትሽ ነው? አቦ አትቀልጂብኝ!»

«አንቺ እኮ አይገባሽም። ያንቺ እናት እንደኔ አባት…»

«እናቴን አትጥሪ!» ሁለት ሦስት ልጆች ዞረው አዩዋቸው። ፊታቸው ላይ «ያው እሾህ ናት» የሚል ነገር ነበር። እሾህ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ይብሳል። «እናቴ ላልሠራሁት ጥፋት ለምናልኛለች። ሁለተኛ ስሟን እንዳትጠሪ።»

የመጨረሻው ዙር ተጀመረ። ለያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቀስት። እሾህ ቀድማ ጨረሰች፤ ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። በዚያ አሮጌ ደጋን ከዚህ በላይ የሚጠብቅባት ካለ ራሱ መጥቶ ይሞክረው። ጨዋዋ ዐሥርና ዘጠኝ መታች። ሦስተኛዋን ሳበች። ረጅም ጊዜ ያዘቻት። ለቀቀች።

ቀስቷ ኢላማውን ስትመታ «ጥፕ» ሳይሆን «ጧ» አለች፤ ከዚያም ተመልሳ ሣሩ ላይ ወደቀች። ኢላማው ብዙ የተወጋ በመሆኑ መሀሉ ከኋላው በጣውላ ተደግፏል፤ አንዳንዴ ቀስት በስታው ከጣውላው ጋር ትጋጭና ትመለሳለች። ጨዋዋ እጇን አነሣች። ፊሽካ ተነፋ፤ ሜዳው በሙሉ ቆመ።

ዳኛዋ ማጉያ መነጽራቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው መጡ። ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ሲራመዱ እንኳ የሚለኩ ይመስላሉ። ሁለቱን ልጆች ይዘው ወደ ኢላማው ሄዱ፤ አሰልጣኞች መስመሩን ማለፍ ስለማይፈቀድላቸው ከኋላ ቀሩ።

«የወደቀች ቀስት ነጥቧ በቀዳዳዋ ይታወቃል» አሉ ዳኛዋ ወደ ኢላማው ጎንበስ ብለው። «ምልክት የሌለው ቀዳዳ አንድ ብቻ ካለ ያ የሷ ነው። እስቲ… ዐሥር ላይ አንድ አለ። ጥሩ።» መነጽሩ ወደ ቀዩ፣ ከቀዩ ወደ ሰማያዊው ወረደ። ወደ ታች ወደ ግራ ሲደርስ ቆመ። «እዚህም አንድ አለ። ምልክት የለውም። ስድስት።»

እሾህ ክው አለች። ቀዳዳውን ወዲያው አወቀችው።

ዳኛዋ ቀና አሉ። «ምልክት የሌለው ሁለት ሲሆን ደንቡ ግልጽ ነው። ዝቅተኛው ይያዛል። ስድስት።»

«አይደለም!» ጨዋዋ እንዲህ ስትጮህ እሾህ ሰምታት አታውቅም። «ስድስቱ የሷ ነው! ቅድም የወረወረችው ነው፤ ምልክት ሳታደርግ ነቀለችው። ልነግራት ስል አታናግሪኝ አለችኝ። የኔ ዐሥሩ ነው፣ እምላለሁ!»

ዳኛዋ የነጥቡን ወረቀት አዩ። «እርግጥ ቅድም ስድስት መትታለች። ግን ሰማያዊው ላይ ከጠዋት ጀምሮ የተበሳው ቀዳዳ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል፤ የትኛው የማን እንደሆነ ወረቀቱ አይነግረኝም።» ወደ እሾህ ዞሩ። «ስለዚህ አንቺን እጠይቅሻለሁ። ይህ ቀዳዳ ያንቺ ነው? ነው ካልሽ ዐሥር እጽፍላታለሁ። አይደለም ወይም አላስታውስም ካልሽ ግን የምከተለው ደንቡን ነው።»

ዐሥር ከተጻፈ ጨዋዋ በአንድ ነጥብ ታሸንፋለች። ስድስት ከተጻፈ ቦታው የእሾህ ነው። ይህን ለማስላት ወረቀትም እስክሪብቶም አላስፈለጋትም።

አላስታውስም። አንድ ቃል ናት። ስንት ቀስት ወርውረው ስንት ቀዳዳ በስተዋል፤ አለማስታወስ ምን ይገርማል? ጨዋዋ ብትጮህ ብታለቅስ ማስረጃ የላትም። ልክ እሾህ እንዳልነበራት። ወደ ጨዋዋ ፊት አየች። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እሾህ ደስ አላት። አዎ፣ ደስ አላት፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እውነት ይዞ የሚያምነው ሰው ያጣ ልጅ ፊቱ ምን እንደሚመስል እሷ በደንብ ታውቃለች፤ ወር ሙሉ መስታወት ውስጥ ስታየው የከረመችው ፊት ነው። ቅመሺው! ቅመሺዋ!

«እባክሽ» አለች ጨዋዋ።

እሾህ ወደ ቀዳዳው አየች። አስቀያሚ ቀዳዳ ነበር፤ ጠርዙ የተቀደደ፣ ቀስቷ ተመንጭቃ እንደወጣች የሚያሳብቅ። የመታችው እሷ ናት። ምልክት ያላደረገችበትም እሷ ናት። ደጋኑን አልሰበረችም፤ ይህን ግን አድርጋለች። ያላደረገችውን አላደረግሁም ስትል ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኻለች። ያደረገችውንም አላደረግሁም ካለች፣ ያ ሁሉ ጩኸቷ ምን ሊባል ነው? ያን ጊዜ ማንም ባያምናት ራሷ ታምን ነበር። ዛሬ እሱንም ልታጣው ነው።

ይህ ሐሳብ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

«የኔ ነው!» ስትጮህ ዳኛዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ስድስቱ የኔ ነው። ምልክት ሳላደርግ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ዐሥር ይጻፉላት!»

ዳኛዋ ዐሥር ብለው ጻፉ። ሁለቱ ልጆች ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። እሾህ ስትፈርም እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው።

ዳኛዋ ከሄዱ በኋላ ጨዋዋ እንባዋ እየወረደ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ» አለች እሾህ። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«ታዲያ ለምን…?»

«ቀዳዳው የኔ ስለሆነ ነዋ! ይሄ ምኑ ነው የሚከብደው?»

ቀስቶቿን አንድ በአንድ ምልክት እያደረገች ነቀለች። መስመሩ ጋ ስትደርስ አሰልጣኙ እየጠበቋት ነው፤ ዳኛዋ ነገሩን ነግረዋቸዋል። የጨዋዋ አባትም አጥሩን ዞረው፣ ፈገግታቸው ጆሯቸው ደርሶ፣ ልጃቸውን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ እየመጡ ነው።

«ኮራሁብሽ» አሉ አሰልጣኙ። ቆባቸውን ከራሳቸው አውልቀው በእጃቸው ያሽከረክሩ ጀመር። «እንዲህ ያለ እውነት የምትናገር ልጅ… ምናልባት በዚያን ጊዜው የደጋን ነገር ቸኩዬ ይሆን እንዴ?»

እሾህ መሄዷን አቆመች። ማልቀስ ፈለገች፤ ግን ማልቀስ ስትፈልግ የሚቀድማት ሁልጊዜ ቁጣ ነው።

«አሁን ነው ጋሼ? ያን ጊዜም እኮ እውነቴን ነበር! ዛሬ እኔ ነኝ ስል ወዲያው አመኑኝ። ያን ጊዜ እኔ አይደለሁም ስል ለምን አላመኑኝም? እኔ የምታመነው ራሴን ስከስ ብቻ ነው?»

አሰልጣኙ ቆባቸውን ማሽከርከር አቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጨዋዋ ዞሩ።

«ጨዋዋ?»

ጨዋዋ ወደ አባቷ አየች። አባቷ አጠገቧ ደርሰው «ልጄ! አኮራሽኝ!» እያሉ ነው። ወደ እሾህም አየች። እሾህ አልረዳቻትም፤ ግን ፊቷን አላዞረችባትም።

«እኔ ነኝ» አለች ጨዋዋ። ድምፅዋ እንደወትሮው ዝግ ያለ ነበር፤ በዙሪያው ያለ ሁሉ ግን ሰማው። «ባዶውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ ጋሼ። እሷ እዚያ አልነበረችም፤ ፊቷን እየታጠበች ነበር።»

የአባቷ ፈገግታ እንደተንጠለጠለ ደረቀ። «ምንድን ነው የምትለው?» አሉ። እሾህ ይህን ቀን ስንት ጊዜ አልማው ነበር! ሲመጣ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልጠጣም። ደክሟት ብቻ ቆመች።

አሰልጣኙ ቆባቸውን መልሰው አጠለቁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የሰው ልጅ ነው ያፈሰስኩት» አሉ። «ይህን ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ቦታው ላንቺ…»

«አልፈልግም» አለች እሾህ። «ዛሬ በቀስት ነው የበለጠችኝ። በሚቀጥለው በቀስት እቀማታለሁ። ጥሩውን ደጋን ግን ከነገ ወዲያ ጀምሮ በተራ እፈልገዋለሁ።»

«ይሁን። ያንቺ ነው። ሌላስ? ለእናትሽ ልደውል? አሁኑኑ ልደውልላቸውና ይቅርታ ልጠይቅ።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«በስልክ አይሆንም። እናቴ አንገቷን የደፋችው በስልክ አልነበረም።»

አሰልጣኙ ስልኩን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት። «ነገ ጠዋት ቤታችሁ እመጣለሁ» አሉ።

«እኔም» አለች ጨዋዋ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። እሾህ ነይም አትምጪም አላለቻትም። ደጋኗን ፈታታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ቤት ስትደርስ እናቷ የስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሳለች። ክፍሉ በትልልቅ የሶፋ ጨርቅ ተሞልቷል፤ አልጋው ላይ ጨርቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ፣ ወንበሮቹ ላይ ጨርቅ።

«እንዴት ሆነ?» አለች እናቷ እግሯን ከመኪናው ሳታነሣ።

«ተሸነፍኩ። በአንድ ነጥብ።»

መኪናው ቆመ። «ወይኔ ልጄን። ተናደሽ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ተናድጄ ነው። አሁንም ተናድጃለሁ።» ቦርሳዋን ግድግዳው ጋ አቆመች። «እማ፣ ነገ ጠዋት እንግዳ አለሽ። አሰልጣኙ ናቸው።»

እናቷ ደነገጠች። «ደግሞ ምን አድርገሽ?»

«ምንም! ምንም አላደረግሁም!» ከዚያ እናቷ ፊት ላይ ያለውን ድካም አየችና ድምፅዋን ሰበሰበች። «ይቅርታ ሊጠይቁሽ ነው የሚመጡት። ደጋኑን የሰበረችው ጨዋዋ ናት። ዛሬ ራሷ ተናገረች።»

የእናቷ እጅ መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ያለ ምክንያት ይደባብሰው ጀመር።

«ነግረሽኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ነግሬሽ ነበር።»

«እሺ ያልኩሽ…»

«አውቃለሁ። ደክሞሽ ነው።»

እናቷ ተነሥታ መጣችና የልጇን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ሳመቻት። እሾህ አልተቃወመችም። ንዴቷ ግን አሁንም እዚያው ነበር፤ ነገም ሳይኖር አይቀርም።

«በይ፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እንኳ የለም» አለች እናቷ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?»

እሾህ መጀመሪያ አንዱ ወንበር ላይ ያለውን ጨርቅ ሰብስባ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሁለተኛው ወንበር ፊት ቆመች። ጨርቁ እስከ ጀርባው ድረስ ተቆልሎበታል። ጥቂት አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ እሱንም አነሣችው።